ዘጠኝ ቮልት

የተማረ ሰው አንድ ነገር ሲበላሽበት ምክንያቱን መፈለግ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። ያልተማረው አጠገቡ ያለውን ነካክቶ፣ አራግፎ፣ እፍ ብሎበት ይጨርሳል። እኛ ግን ወንበር ስበን እንቀመጥና መንስኤውን እንመረምራለን። ይህን የምለው ሌላውን ለማማት አይደለም፤ ማማት ቢያምረኝ ኖሮ ከራሴ አልጀምርም ነበር።

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጎን ለጎን የትምህርት ቤታችን የአማተር ሬዲዮ ክበብ ሰብሳቢ ነኝ። አማተር ሬዲዮ ማለት፣ ካላወቁት፣ ስልክ በኪሱ የያዘ ሰው ስልክ በኪሱ የያዘ ሌላ ሰውን በብዙ ድካም በአየር ሞገድ የሚያነጋግርበት ጥበብ ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ አሮጌ መገናኛ ሬዲዮና አንድ የጠረጴዛ ማይክራፎን አሉን። አዳዲሶቹ ሬዲዮዎች ለማይክራፎናቸው የሚሆን ኤሌክትሪክ በገመዱ ይልኩለታል። የእኛው ይህን ደግነት አያውቅም፤ ስለዚህ ማይክራፎኑ በሆዱ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ካልያዘ ድምፅ አያሳልፍም። ይህን ለክበቡ አባላት ሦስት ሳምንት ሙሉ አስተምሬያለሁ። በሥዕል ጭምር።

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት ርእሰ መምህሩ አቶ ሙሉዓለም ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትለው መጡ። ጉዳዩ ግልጽ ነበር፤ ክበቡ መሥራቱን በዓይናቸው ካላዩ ክፍሉ የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ሊሆን ነው። አዲስ አበባ ያሉት ወዳጄ ጋሽ ታፈሰ በቀጠሯችን መሠረት በሬዲዮ ተጣሩ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ክፍሉን ሞላው።

«ማርቆሶች፣ አላችሁ?»

የማይክራፎኑን ቁልፍ ተጫንኩና፣ ሰላምታም የሳይንስን ጥቅምም ያካተተ ንግግር አደረግሁ። አራት ደቂቃ ያህል ይሆናል። ቁልፉን ስለቀው፣

«ማርቆሶች ዛሬ ተኝተዋል መሰለኝ» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

መጀመሪያ የከሰስኩት ዓባይን ነው። ከደጀን ወዲያ ያለው ገደል ሞገድ እንዴት እንደሚውጥ በእጄ እያሳየሁ ለኮሚቴው አብራራሁ።

«የእሳቸው ድምፅ ታዲያ በየት ዞሮ መጣ?» አሉ አቶ ሙሉዓለም።

ጥያቄው ጥሩ ስለነበር አልወደድኩትም። ወደ አንቴናው ዞርኩ፤ ከአንቴናው ወደ ፀሐይ። (ፀሐይ ሞገድ ታውካለች፣ እውነቴን ነው።) ኮሚቴው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን አወጣሁና ማይክራፎኑን ለካሁት። ዜሮ።

«ተገኘ» አልኩ በኩራት። «ማይክራፎኑ ኃይል የለውም።»

የቤተ ሙከራችን ባለሙያ የሺ በሩን ተደግፋ ስታየኝ ቆይታ ነበር።

«መምህር፣ ያ መለኪያ ራሱ የማንን ባትሪ ነው የሚበላው?»

ሰኞ ዕለት ክፍል ልገባ ስል የመለኪያዬ ባትሪ ቢያልቅብኝ፣ ከማይክራፎኑ ሆድ አውጥቼ ለእሱ አጉርሼው ነበር። በምስክርነት ያቆምኩት የተሰረቀውን ዕቃ በሆዱ የያዘውን ነው፤ እሱም ሳያፍር፣ እዚያ ቤት ምንም የለም ብሎ መሰከረ።

የሺ ባትሪውን ወደ ቦታው መለሰችው። እንደገና ተናገርኩ፤ ባጭሩ።

«ነቃችሁ?» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

ኮሚቴው ክፍሉን አጸናልን። ሆኖም ያን ያህል የዘገየንበት ምክንያት በቃለ ጉባኤው መስፈር ነበረበት። የኮሚቴው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አንስቶ አየኝ። የሺም አየችኝ።

«የኃይል መቋረጥ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ደግሞም በዚህ ምክንያት ላይ ሁለተኛ ጥያቄ የሚያነሳ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ጸሐፊው በሐዘኔታ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። ኮሚቴውም በችግራችን ልቡ ተነክቶ፣ ያለ ሥራ የተቀመጠው ትልቁ ጄኔሬተር ለክበባችን እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ማክሰኞ አመጡት። ክፍሉ የእኛው ነው፤ ጄኔሬተሩ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶታል። እኛ ሬዲዮውንና ማይክራፎኑን ይዘን ኮሪደር ወጥተናል። ጄኔሬተሩ እንዲነሳልን ማመልከቻ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ምክንያቱም» ከሚለው ቃል አላለፍኩም።