ለማንኛውም አንድ መርፌ

ትናንት ሕልም አየሁ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ምሳዬን በልቼ ክሊኒኬ ውስጥ ወንበር ላይ ሸለብ እንዳደረገኝ፣ ራሴን የገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሜ አገኘሁት። ሆዴ ተላጭቷል። እጅና እግሬ በፋሻ ታስሯል። እኔ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ቁስላቸውን እንዳይልሱ ለውሾች የማጠልቀው ያ ሰፊ የፕላስቲክ አንገትጌ አንገቴ ላይ ገብቷል። ክፉኛ ሆዴን መላስ አሰኘኝ።

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ውሾች ሰዎቻቸውን በገመድ ይዘው ተሰልፈዋል። አንድ ባለከረባት ሰውዬ የሌላውን ሱሪ ያሸታል፤ ውሻው "ኧረ ነውር ነው!" እያለ ይጎትተዋል። በሩ አጠገብ ጋሽ ተካልኝ ታስረው ቁጭ ብለዋል። ጋሽ ተካልኝ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው። ከውሻቸው ከዳማ በቀር ቤታቸው ውስጥ የሚያነጋግሩት ፍጡር የለም። ከሦስት ቀን በፊት ዳማ እንዳትወልድ ቀዶ ጥገና ያደረግኩላት እኔ ነኝ።

ዳማ ነጭ ጋውን ለብሳ ገባች። መዳፎቿን ትታጠብ ጀመር። ታጠበች፣ አለቀለቀች፣ እንደገና ሳሙና መታች።

"ዳማ፣ አሁንስ አይበቃሽም?" አልኳት። ሆዴን በርዶኛል።

"ጥፍሬ ሥር ይቀራል።"

"እሺ፣ የጸረ ጀርም መርፌስ? አትወጊኝም?"

"ምን ሆነህ?"

"ምንም። ለማንኛውም ነው።"

መታጠቧን አቆመች። "ለማንኛውም የሚባል በሽታ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው?"

ተናደድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቃል ኖሬያለሁ። ከበግ እስከ ድመት "ለማንኛውም" ብዬ ያልወጋሁት የለም። ባለቤቶቹም ይወዱታል፤ ሳልወጋ ብሸኛቸው ያጭበረበርኳቸው ይመስላቸዋል።

"አንቺን ወግቼሽ የለም እንዴ?" አልኳት።

"ወግተኸኛል፣ ያውም ሰፍተህ ከጨረስክ በኋላ! ካስፈለገ የሚወጋው ከመቁረጥህ በፊት ነበር። ሥራው ንጹሕና አጭር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም። ለመሆኑ መቀሱን ቀቅለኸው ነበር?"

ጠረጴዛው እንደ ባጃጅ ተነሥቶ በረረና አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አደረሰኝ። ምርቃት ነው። ሽምብራ የሚያካክሉ ጀርሞች ጥቁር ጋውን ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው ተደርድረዋል። እናቶቻቸው እልል ይላሉ።

"የክብር እንግዳችን፣ ዶክተር ይገረም!" አለ መድረክ መሪው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ አለኝ።

አንድ ሸበቶ ጀርም ካባ ደረበልኝና ትከሻዬን ሳመኝ። "መምህራችን፣ በመጀመሪያው መርፌዎ ወንድሞቼ ሁሉ አለቁ። እኔ ግን ተረፍኩ። በሁለተኛው ለመድኩት። አሁንማ ሲወጉኝ ይኮረኩረኛል።"

"እንኳን ደስ አላችሁ" አልኩ። "የት ተመደባችሁ?"

"የዳማ ቁስል ላይ!" አሉ ባንድ ድምፅ። "ለከተማ ቅርብ ነው፤ አየሩም ሞቃት ነው።"

ልነሣ ብል ካባው ከበደኝ። ጋሽ ተካልኝ ገመዳቸውን በጥሰው አዳራሹ መሐል ቆመዋል። "ዶክተር፣ ዳማ ከሞተችብኝ እኔ ከማን ጋር አወራለሁ?" አሉኝ። ከዚያ መጮህ ጀመሩ፣ እንደ ውሻ።

ቀና ስል ዳማ መቀስ ይዛ ሆዴ ላይ አጎንብሳለች። መቀሱን አወቅሁት፤ ጫፉ የተጣመመው የኔው ነው።

"ዳማ፣ መቀሱ ተቀቅሏል?"

"መብራት ጠፍቶ ነበር።"

"እና እንዴት አድርገሽ ልትቆርጪኝ ነው?"

"አይዞህ" አለችኝ፣ በቀዶ ጥገናዋ ቀን እኔ ጋሽ ተካልኝን ባጽናናሁበት ድምፅ። "ስጨርስ ለማንኛውም አንድ መርፌ ወጋ አደርግሃለሁ።"

ጮኼ ነቃሁ። በሩ እየተንኳኳ ነበር። ስከፍት ጋሽ ተካልኝ ዳማን በጋቢ ጠቅልለው አቅፈዋታል። ቁስሏ አብጧል፤ ሽታው ከእሳቸው ቀድሞ ገባ።

"እንዳይቆጡኝ፣ ዶክተር" አሉኝ። "ጥርሴን ሲያመኝ ከታዘዘልኝ መድኃኒት የተረፈች አንዲት ካፕሱል ነበረችኝ። ፈልቅቄ ዱቄቱን ነሰነስኩባት። ለማንኛውም ብዬ ነው።"

ዳማን ጠረጴዛው ላይ አስተኛኋት። ስፌቱ ተከፍቶ መታጠብ ነበረበት። ማብሪያውን ተጫንኩ፤ መብራት የለም። ጎረቤት ካለው ሻይ ቤት ሮጬ ከሰል ምድጃ ተዋስኩና መቀሱን ድስት ውስጥ ጣድኩት። ሻይ ቤቱ ከክሊኒኬ አሥር እርምጃ አይርቅም። ከሦስት ቀን በፊት መብራት ሲጠፋም እዚያው ነበር።

ውኃው እስኪፈላ ጋሽ ተካልኝ የዳማን ጆሮ እየዳበሱ ቆሙ። ከዚያ ምስጋና በሞላበት ዓይን አዩኝ።

"ያን ቀን መርፌዋን ባይወጉልኝ ኖሮ እኮ እስካሁን አልቆላት ነበር። አይደለም እንዴ፣ ዶክተር?"

"አዎ" አልኳቸው።