ማንጎ የገባበት ዶሮ

ምግብ መሥራት ከስልክ የተማረ ሰው ቤታችሁ አለ? እኛ ቤት ታናሽ ወንድሜ አለ። አምና ለበዓል እናታችን ራሷ ያሳደገችውን አውራ ዶሮ ታቅፋ ከጎበሳ አሰላ እኛ ጋ መጣች። ወንድሜ "እንጀራ ያወፍራል" አለና ዶሮውን ከማንጎና ከካሪ ጋር፣ ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ከጠዋት ጀምሮ ጣደው። ሳይንስ ነው፤ ምን ይባላል?

ማታ የቀረበልን ገንፎ የመሰለ ነገር ነው። የዶሮው ብልት የት እንደገባ እንጃ። እናታችን ሁልጊዜ ለወንድሜ የምታወጣለትን ፈረሰኛ በማንኪያ ስትፈልግ ቆየች።

"የቱ ጋ ነው፣ ልጄ?"

"እማዬ፣ ሁሉም አንድ ነው" አላት በኩራት።

የቀረበላትን በላች። ዘንድሮ ስትመጣ ዶሮ አልያዘችም። ከመናኸሪያ የገዛችውን ሙዝ ሰጠችውና፣ "ለወጥህ ይሆንሃል ብዬ ነው" አለችው።