ፍሪሲዮን የሚበላ ሰላምታ

እኔ መኪና መንዳት አልችልም። ስለ ፍሪሲዮን ግን ጠይቁኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሾፌር ጎን የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ከሾፌር ጎን የተቀመጠ ደግሞ ከሾፌሩ በላይ ያውቃል። የት ማርሽ መቀየር እንደነበረበት፣ የቱ ጉድጓድ መታለፍ እንደነበረበት፣ ሁሉንም የሚያውቀው እሱ ነው። የሚጎድለው መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ጅማ ላይ በአቶ ዘለቀ ቡና መጋዘን መዛኝ ነበርኩ። አቶ ዘለቀ ከሸዋ መጥተው ጅማ ላይ ያለፈላቸው ነጋዴ ናቸው። ቁጡ ናቸው፣ ክፉ ግን አይደሉም። አንዲት የጭነት መኪና ነበረቻቸው፤ ከልጆቻቸው እኩል ይሳሱላት ነበር። ሾፌራችን ሸምሱ ይባላል። ከሱ ጋር ሊሙ ገነት ወጥተን ቡና ጭነን እንመለሳለን። ሸምሱ አይጠጣም፣ አይከንፍም፣ ጭቃ አያስደነግጠውም። ታዲያ የዚህ ጨዋ ሰው መኪና በየጊዜው ፍሪሲዮን የምታቃጥለው ለምን ይመስላችኋል?

መጀመሪያ ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ማወቄን የማሳይበት ሌላ አጋጣሚ የለኝም። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ጎማውን የሚያገናኝና የሚያለያይ ነገር ነው። ሲረግጡት ይለያያሉ፣ ሲለቁት ይያያዛሉ። ግማሹን ረግጠው ግማሹን ከለቀቁት ግን መሃሉ ላይ ያለው ሸራ ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ቆይቶም ይቃጠላል።

ሊሙ ገነት ልንደርስ ስንል አንድ ዳገት አለ። የዳገቱ ወገብ ላይ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ በሚቆምበት ቦታ፣ የአባ መጫ አጥር ነው። አባ መጫ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የመኪና ድምፅ ሲሰሙ ደጃፋቸው ላይ ይወጣሉ። ሸምሱ እሳቸውን ሰላም ሳይል አያልፍም። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይረግጣል፣ ቤንዚን ይሰጣል፤ መኪናዋ ወደፊትም ወደኋላም ሳትል እየተንቀጠቀጠች ትቀራለች። ከዚያ ሰላምታው ይጀመራል። ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ቡናው፣ አሟት የነበረችው ላም። የአገሩን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ መሃል ላይ አይቋረጥም። ሽታው ሲመጣ እኔ አፍንጫዬን እይዛለሁ፤ አባ መጫ ደግሞ ዳገቱ ከብዷት ነው ብለው ለመኪናዋ ያዝናሉ።

የእጅ ፍሬን ስቦ ለምን አይቆምም ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄዋለሁ። ፍሬን ከሳብኩማ ቆምኩ ማለት ነው አለኝ። የቆመ ሰው ይወርዳል፣ የወረደ ይገባል፣ የገባ ሳይበላ አይወጣም፤ ጭነቱስ መቼ ጅማ ሊደርስ ነው? ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሳይቆምም ሳያልፍም ሰላም ይላል።

አንድ ቀን ጅማ ጊንጆ ሰፈር ያለው መካኒካችን ፍሪሲዮኑን ሊያይ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ ደግሞ አወረደ። ሸራው አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዘህ ትቆማለህ እንዴ ብሎ ሸምሱን በአቶ ዘለቀ ፊት ጠየቀው። ሸምሱ ወላሂ አልቆምም ብሎ ማለ። አልዋሸም፤ በሱ አስተሳሰብ ቆሞ አያውቅም። አቶ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም የሰላምታውን ነገር ነገርኳቸው፤ ምን ላድርግ?

ከእንግዲህ ጥሩንባ ነፍቶ ማለፍ ነው አሉ። አንድ ፍሪሲዮን ደግሞ ከተቃጠለ ቁልፉን ታስረክባለህ አሉት። ሸምሱ ቤተሰቡን የሚያበላው በዚያ መሪ ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ ሳይ አዘንኩ።

በሚቀጥለው ጉዞ አባ መጫ ደጃፍ ስንደርስ ጥሩንባውን ነፋና አንገቱን ደፍቶ አለፈ። አባ መጫ እጃቸውን እንዳነሱ ቀሩ። በመስታወቱ አየኋቸው፤ አንጀቴን በሉት። ሽታው ግን አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች መጋዘን ድረስ መጡ። ከፊት አባ መጫ ናቸው። ሸምሱን ማን አስቀየመብን? በድለነው ከሆነ ይቅርታ እንጠይቀው፣ እሱም በድሎን ከሆነ እንታረቅ አሉ። አቶ ዘለቀ ግራ ገባቸው። አስቀመጧቸውና ሁለት የስኒ ማስቀመጫ እያፋተጉ ፍሪሲዮንን አስረዷቸው። ሽማግሌዎቹ በጥሞና ሰሙ። ጠቡ ከብረት ጋር እንጂ ከእኛ ጋር አይደለም ለካ፣ አልሃምዱሊላህ አሉ። የአባ መጫ ላም አሁንም እንዳልተሻላት አወሩ፣ የአቶ ዘለቀን ልጆች ስም በየተራ ጠየቁ፣ መርቀው ሄዱ።

አቶ ዘለቀ ግን ሸምሱ ሽማግሌ የላከባቸው መሰላቸው። ቢምልም ቢገዘትም አልሰሙትም። ነገ እኔው ራሴ እነዳለሁ፣ መኪና እንዴት እንደሚነዳ ታያለህ፤ ከዚያ ቁልፉን ለሌላ ሾፌር እሰጣለሁ አሉት።

በማግስቱ አቶ ዘለቀ መሪውን ያዙ፣ እኔ መሃል ገባሁ፣ ሸምሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዳር ተቀመጠ። አቶ ዘለቀ ደህና አድርገው ነዱ። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ አባ መጫ ደጃፋቸው ላይ ናቸው። በዚህ ጊዜ የተጠራው ሸምሱ አልነበረም።

«አቶ ዘለቀ፣ አከም ጅርቱ? አልማዝ ደህና ናት? ተስፋዬስ?»

ልጆቹ በስማቸው የተጠየቁለት ሰው ጥሩንባ ይነፋል? የአቶ ዘለቀ ግራ እግር ግማሽ ድረስ ወረደ። አልማዝ ደህና ናት አሉ። ተስፋዬም ደህና ነው። ይህን ብሎ ማቆም አይቻልም፤ የላሚቱን ነገር መጠየቅ አለባቸው። የላሚቱ ነገር ረጅም ነው። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ እኔ አፍንጫዬን ይዣለሁ፣ ሸምሱ በወዲያኛው መስኮት ቡናውን ያያል።

አባ መጫ አየሩን አሸተቱ። «አቶ ዘለቀ፣ ያ ያሉን ብረት ይሄ ነው?»

አቶ ዘለቀ ዳገቱን ጨርሰው ሜዳ ላይ ቆሙና የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ወርደው ዞሩ፣ የሸምሱን በር ከፈቱ።

«በል ና አንተ ንዳ፤ ሰላምታውን ለኔ ተወው።»

ከዚያ ወዲያ ሸምሱ ዳገቱን ፍሪሲዮኑን ሙሉ ለቆ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆም ይወጣዋል። አቶ ዘለቀ በየጉዞው አብረውን እየሄዱ፣ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሰላምታውን ከሥር ይጀምሩና ጫፍ ላይ ይጨርሱታል፤ አባ መጫም በትራቸውን ይዘው ከጎናቸው ይራመዳሉ። ወሬው በየመንገዱ ተሰማና በየደጃፉ የሚጠብቃቸው ሰው በዛ። ፍሪሲዮናችን ደህና ሰነበተች። አቶ ዘለቀም ማታ መጋዘን ስንደርስ እንደ ወትሮው ሊቆጡን አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ድምፃቸውን ግን ሰላምታው በልቶታል።