የጥንዚዛዎች እድርና አመዴ

ትናንት ቀትር ላይ ባለጋሪው ደግፌ ጉድ የሆነ ሕልም አየ። ያየው በአልጋው ላይ ሆኖ አይደለም፤ ከሞጆ ወጣ ብሎ፣ ከአንዲት ግራር ሥር፣ ከሞተች አህያው ጎን ጋደም ብሎ ነው። አህያይቱ አመዴ ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመት ውኃ ስታመላልስለት ኖራ ያን ዕለት ጠዋት ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች፤ በዚያው አልተነሣችም። አህያ ሲሞት ጎትቶ ገደል መክተትና ለጅብ መተው የአገሩ ደንብ ነው። ደግፌ ግን እጁ እምቢ አለው። እቀብራታለሁ እንዳይል ብቻውን ምን ያህል ይቆፍራል? ሰው ልጥራ ቢል ደግሞ አገር ይስቅበታል። ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙ ጋሪውን የሚጎትተው እሱ ራሱ ነበር። አመዴ ከላይ ተቀምጣ አለንጋውን ይዛለች፤ ደግነቱ አትመታበትም። ዳገቱ ላይ ሲያለከልክ እንዲያውም ወርዳ ከኋላ ገፋችለት። ደግፌ አፈረ፤ እሱ አንድ ቀን ወርዶ ገፍቶላት አያውቅም።

"ወዴት ነው የምንሄደው?" አላት።

"ወደ ቀብሬ ነዋ! ፈጠን በል፤ ዝንቦች ከቀደሙን አለቀልን።"

ሜዳው ላይ ድንኳን ተጥሎ ደረሱ። የጥንዚዛዎች እድር ነበር። እያንዳንዱ ጥንዚዛ ወይፈን ያክላል። ለቀስተኛው በሳቅ ይንከተከታል፤ አመዴ ከጋሪው ወርዳ በየተራ እየዞረች "አይዟችሁ፣ ቻሉት" ትላቸዋለች። በር ላይ አንድ ጅብ ሽርጥ አሥሮ ጎመን ያድላል።

"ሥጋ የለም እንዴ?" አለው ደግፌ።

"ሐኪም ከልክሎኛል" አለ ጅቡ፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ።

ወዲያው ባልና ሚስት ጥንዚዛዎች ቀረቡ። "እንኳን ደስ ያለህ!" አለች ሚስትየዋ። "ለልጆቼ ቤትም ቀለብም አመጣህልኝ።" ከዚያ ከአመዴ ሥር ገብተው አፈሩን ይዝቁት ጀመር። እሷም ቀስ በቀስ ወደ ታች ሰመጠች፤ በሰመጠች ቁጥር እያነሰች ሄዳ የአይጥ ያህል ሆነች። ጸጉሯን ላጩ፣ አድቦለቦሏት፤ ሲጨርሱ ከአፋቸውና ከሆዳቸው በሚወጣ ፈሳሽ ዙሪያዋን ይቀቧት ገቡ።

ደግፌ ደሙ ፈላ። "እናንተ! ምራቅ ትቀቡብኛላችሁ? ይቺ እኮ ቤቴን ያቆመች ናት!"

"ምራቁ የእኛ ብቻ መሰለህ?" አለ ባልየው። "የጌቶቻችን ነው። ግባና ጠይቃቸው።" አፉን ከፈተለት፤ ደግፌም ጫማውን አውልቆ ገባ።

የጥንዚዛው ሆድ ሰፊ አዳራሽ ነበር። በዚያ አገር ማዕረግ የሚሰጠው ለትንሽ ስለሆነ ዝሆን ወለል ይጠርጋል። የክብር ወንበሮቹ ላይ ግን ማንም የለም።

"ዓይንህን ጨፍን፤ ያን ጊዜ ታየናለህ" አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ደግፌ ጨፈነ፤ ወዲያው አያቸው። ሚሊዮን ይሆናሉ። ቁጥር ስፍር የሌላቸው ደቃቅ ፍጥረታት፣ ሁሉም ደስተኛ፣ ሁሉም ሥራ ላይ።

"እኛ የተቀባንበት ሬሳ ቶሎ አይሸትም" አሉ ሽማግሌያቸው። "ሥጋ የሚያበላሹትን ክፉ ዘሮች እናባርራለን። እናትየዋ ከዚያ እየቆረሰች ልጆቿን ታጎርሳለች፤ ከጉርሻው ጋር እኛም ወደ ልጆቹ እንገባለን። ነገ እነሱም በተራቸው ይቀብራሉ። ያንተ አመዴ ስንት ቤት እንደምትመግብ ታውቃለህ?"

ደግፌ እንባው መጣ። "አላውቅም ነበር፣ አባቴ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"እኛን ተወን! እሷን አመስግነሃል? ባለቤቱ ያላመሰገነውን አንነካም። ለዝንብ ይሰጣል፤ ሕጋችን ነው።"

ደግፌ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ሮጦ ወጣ። የጥንዚዛዋ ልጆች አፋቸውን ከፍተው አንጋጠዋል። ዝንቦች ከረባት አሥረው፣ ፋይል ይዘው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሰዋል። ተንበርክኮ "አመዴ" ሊል አፉን ቢከፍት የወጣው ድምፅ የአህያ ሆነ። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም አናፋ። ዝንቦቹ ሳቁ።

"ቀስ በል፣ አትቸኩል" አለችው አመዴ ከጉድጓዱ ውስጥ። "እኔም አሥራ አንድ ዓመት እንደዚሁ ስነግርህ አልገባህም ነበር።"

ይኼኔ ደግፌ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ። "ጾምሽን እያደርሽ ልጆቼን አብልተሻል። ዝናብ መትቶሽ እኔ ጥላ ይዣለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጎሽ አላልኩሽም። አመሰግንሻለሁ፣ እናቴ" አለ፤ ቃሉም የሰው ሆኖ ወጣ። ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ፤ ጡሩምባም ተነፋ።

ጡሩምባው እውነተኛ ነበር። ደግፌ ዓይኑን ሲገልጥ የሰፈሩ እድር ጡሩምባ ነፊ መንገዱ ላይ ቆሞ ይጮኻል፦ "ባለጋሪው ደግፌ አርፏል! ለቀብር ውጡ!"

አንድ መንገደኛ እሱንና አመዴን ጎን ለጎን ተዘርግተው አይቶ ኖሯል፤ ጋሪው ተገልብጦ ሁለቱንም ጨረሳቸው ብሎ ሰፈር ውስጥ አወራ። አሁን ከጡሩምባው ኋላ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች አካፋና ዶማ ተሸክመው ይመጣሉ። ከፊታቸው ሚስቱ አስካለ ደረቷን እየመታች ትሮጣለች። ደግፌ ተነሥቶ ሲቀመጥ ስታየው ጮኸች፤ ቀጥላም ትከሻውን በጥፊ አጮለችው።

"አንተ ሰው! ልትገድለኝ ነው?" ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ወንድይፍራው ላባቸውን ጠረጉ። "እሰይ፣ እንኳን ተረፍክ" አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተኮሳተረ። "ይኼን ሁሉ ሰው ከሥራው አስወጥቼ አሁን ምን ብዬ ልመልሰው?"

ደግፌ ሰዎቹን አየ፤ የያዙትን አካፋና ዶማም አየ።

"ጋሼ፣ ቀብር ብለው አይደል የጠሯቸው? ቀብርስ አለ" አለና እጁን አመዴ ላይ ጫነ። "ሳቁብኝ ግድ የለም። እኔ ገደል አልከታትም።"

ማንም አልሳቀም። አስካለ ከባሏ ተላቃ ከአህያይቱ ራስ አጠገብ ቁጭ አለች፤ ነጠላዋን አውልቃም ፊቷን ሸፈነችላት። አቶ ወንድይፍራው ኮታቸውን አወለቁ፣ ግራሯ ላይ ሰቀሉ፣ ከአንዱ እጅ ዶማ ተቀበሉ።

"በሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉ። "ጠለቅ አድርጉት።"