ቀይ ክር የታሰረበት ቲማቲም

«እማማ ምን መብላት ይወዳሉ?»

ጥያቄው የመጣው በስልክ ነው፤ ጠያቂዋ ምራቱ ናት። እሑድ ለምሳ ስትመጣ አማቷ የሚወዱትን ሠርታ ይዛ ልትመጣ አስባ ነው። ጡረተኛው ሹፌር ስልኩን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረ። ከሚስቱ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት ኖሯል። የጫማቸውን ቁጥር ያውቃል፤ በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ ያውቃል፤ ሲናደዱ የትኛውን በር እንደሚያላትሙ ያውቃል። ምን መብላት እንደሚወዱ ግን አያውቅም።

«ሁሉንም ትበላለች» አለ በመጨረሻ።

«ሁሉንም የሚወድ ሰው እኮ የለም፣ አባባ።»

እስቲ አስቤ ልንገርሽ ብሎ ዘጋው። ማሰቡን ግን ከየት እንደሚጀምር ጠፋው።

በየቤቱ አንድ «ይቆይ» የሚል ሰው አለ። በእናንተ ቤት የለም ካላችሁ ያ ሰው እናንተ ናችሁ። አዲሱን ፎጣ ለእንግዳ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ለተሻለ እንግዳ የሚያስቀምጥ፤ የሳሎኑን ወንበር ላስቲክ ሳያወልቅ ወንበሩን የሚያስረጅ፤ ደህናው ማንኪያ እያለ በጎበጠው የሚያማስል። የዚህ ወገን ሁሉ ክብርት ሊቀ መንበር ግን የሹፌሩ ሚስት ናቸው። ሰፈሩ ስማቸውን ከረሳው ቆይቷል፤ «እትዬ ይቆይ» ነው የሚላቸው። በዚያ ቤት አንቱታ የሚገባው ለእሳቸው ብቻ ስለሆነ ሹፌሩን በአንተ እንቀጥላለን፤ እሱም አይከፋውም።

ከቤታቸው ጀርባ ያለው ጓሮ የአንድ አውቶቡስ ወለል ያህላል። ይህ የሹፌሩ ልኬት ነው፤ ዕድሜውን በአውቶቡስ ስለ ጨረሰ ሌላ ልኬት አያውቅም። ከመሪው እስከ መካከለኛው በር ቲማቲም፤ መካከሉ ላይ ባቄላና ካሮት፤ ከኋላ ረጅሙ ወንበር ላይ ዱባው ተንጋሎ ይተኛል። በየዳሩ በቀለም ቆርቆሮና በተሰነጠቀ ባልዲ የተተከሉት ሽንኩርትና ጎመን ደግሞ መቀመጫ ያጡ ተሳፋሪዎች ናቸው።

እትዬ ይቆይ ጠዋት ጠዋት ቀይ ክር በኪሳቸው ይዘው በዚህ አውቶቡስ ውስጥ ይመላለሳሉ። ፍሬውን ሁሉ እያገላበጡ ያያሉ፣ ይመዝናሉ፣ ያሸታሉ። ከዚያ ከሁሉ የበለጠውን መርጠው አንገቱ ላይ ክሩን ያስራሉ። ክር የታሰረበት ነገር አይነካም፤ አይቆረጥም፤ ብዙም ትክ ብለው አያዩትም።

«ይቺ እኮ በስላ ልትፈርጥ ነው» ይላል ሹፌሩ ምራቁን እየዋጠ።

«ትቆይ፣ ለዘር ናት።»

ሕጉ ግልጽ ነው። አንደኛው ለዘር፤ ሁለተኛው ለጎረቤት፤ ሦስተኛው ለሹፌሩ ሳህን። የተሰነጠቀውና ትል የቀመሰው ወደ ድስት ይገባል። የሚበላውንም የሚያዘው ጓሮው ነው። በዝናብ ወራት ጎመን ነው፤ ጎመን በድንች፣ ጎመን በካሮት፣ ጎመን በጎመን። ባቄላው ሲደርስ ባቄላ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ዱባው ነው፤ ሾርባ ውስጥ ይገኛል፣ ዳቦ ውስጥ ይገኛል። በሦስተኛው ሳምንት ሹፌሩ መስታወት ፊት ቆሞ ጉንጩን እየጎተተ ቢጫ መሆን አለመሆኑን ያጣራል።

«ዛሬስ ምንድን ነው?»

«ዱባ ነው፤ ግን ዛሬ በሌላ ጎኑ።»

እሳቸውስ? እሳቸው ቀርበው ሲበሉ ታይተው አይታወቁም። ሹፌሩ ጋዜጣውን ዘርግቶ ሲበላ ምድጃው ጋ ቆመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ድስቱን በእንጨት ማንኪያ ይፍቃሉ። የፍቂያው ድምፅ ይሰማዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ሰምቶታል። ዘወር ብሎ ግን አይቶት አያውቅም።

የእንግዳ ብርጭቆዎቹም ነገር አለ። ስድስት ናቸው፤ አፋቸው ላይ የወርቅ ቀለም አላቸው። አንድ ጊዜ የሹፌሩ የቀድሞ አለቃ ሊጠይቀው መጣና ሹፌሩ ብርጭቆዎቹ ወዳሉበት ቁም ሳጥን ቀና ብሎ አየ። እትዬ ይቆይ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና የዘወትሩን ኩባያ አቀረቡ። ሰውየው ሲሄድ ሹፌሩ «ምነው?» ቢላቸው «እጁን አላየኸውም? የሚሰብር ሰው ነው» አሉት።

እንዲህ ስለሆኑ ቋጣሪ የሚላቸው ቢኖር ግን ተሳስቷል። ዘሩን የሚያስቀምጡት ለመስጠት ነው። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት እያጠፉ ፖስታ ይሠራሉ፤ በላዩ በእርሳስ «በረዶ የቻለችው»፣ «ዘግይታ የቀላችው» ብለው ይጽፋሉ። መንደሩ በሙሉ የእሳቸውን ቲማቲም ነው የሚያበቅለው። በአጥር የሚዋሰናቸው ልብስ ሰፊ በየዓመቱ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይመጣል።

«እትዬ፣ ዘንድሮም እንግዲህ እጅዎ ላይ ነን።»

«የአምናውን ምን አደረግከው?»

«በላሁት።»

«ከነዘሩ?»

«ሲጣፍጥ ማን ይለያል፣ እትዬ?»

«አንተ ሱሪውን ሸጠህ መርፌውንም የምትመርቅ ሰው ነህ» ይሉታል። ሰድበው ግን አይከለክሉትም፤ ፖስታውን ሞልተው ይሰጡታል።

ዘንድሮ ግን መጥፎ ዓመት ሆነ። ዝናቡ አልቆም ብሎ ቲማቲሙን በሽታ ገባው። ቅጠሉ እሳት እንደ ላሰው ጠቆረ፤ ግንዱ ሟሸሸ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በመንደሩ ቆሞ የተገኘ ቲማቲም ጠፋ። በእትዬ ይቆይ ጓሮ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ተጠግታ የበቀለች አንዲት እግር ተረፈች፤ እሷም አንድ ፍሬ ብቻ አደረሰች። እትዬ ይቆይ ቀዩን ክር ሁለት ጊዜ ጠምጥመው አሰሩባት።

ሹፌሩ ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። የዘር መሳቢያው ውስጥ የቲማቲሙ ፖስታ ባዶ ነው። እትዬ ይቆይ በዘሩ ወቅት የነበራቸውን ለመንደሩ አከፋፍለው፣ የቀረውን ራሳቸው ዘርተው ጨርሰውታል። ሹፌሩ ግን መሳቢያውን ከፍቶ አይቶ ስለማያውቅ ሁልጊዜ ሙሉ ይመስለዋል።

የምራቱ ጥያቄ ሦስት ቀን ሲከነክነው ቆየ። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ይቆይ የልብስ ሰፊው ሚስት ወልዳ ሊያግዟት ሄዱ። ሹፌሩ ብቻውን ማድ ቤት ቆሞ ምድጃውን አየ፤ የተፋቀውን ድስት አየ። ያ ሁሉ ዘመን ያለፈበት የፍቂያ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣበት። ይቺ ሴት ከእጇ ሥራ ምርጡን አንድ ቀን እንኳ ቀምሳ አታውቅም አለ። ዛሬ ትቀምሳለች።

የሚስቱን ሽርጥ አገለደመ። ወደ ጓሮ ወጣና ቲማቲሟን ቀጠፋት፤ እጁን ሞላችው። ክሩን ግን አልጣለም፤ ሚስቱ ክር እንደማትጥል ያውቃላ። ፈትቶ፣ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ከሳህናቸው አጠገብ አኖረው፤ የቀረበላቸው ምርጡ መሆኑን አይተው ደስ እንዲላቸው ነው። ቲማቲሟን በመክተፊያው እንጨት ላይ ቆራረጣት። ጥንቁቅ ሠራተኛ ነኝ ባይ ስለሆነ የፈሰሰውን በጨርቅ ወለወለ። ሽንኩርቱን አቁላልቶ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ፣ ቲማቲሟን ዘይቱ ውስጥ እስክትሟሟ አንተከተካት። ዳቦ ጠበሰ። የወርቅ አፍ ካላቸው ብርጭቆዎች አንዱን አውርዶ አጠበ።

እትዬ ይቆይ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት ብርጭቆውን ነው።

«እንግዳው ማን ነው?»

«አንቺ ነሻ።»

ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ክሩን አዩት። ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ማንሻው የጠፋ ይመስል። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ቁጭ ብለው ሲበሉ ሹፌሩ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ በደስታ ጋዜጣውን ረሳው። አንድም ሳያስቀሩ በሉ። ሳህኑን በዳቦው ጠረጉት።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። እጅህ ይባረክ።»

ከዚያ ተነሥተው መሳቢያውን ከፈቱና ፖስታውን ፊቱ አስቀመጡት። ገልብጦ አራገፈው፤ ምንም አልወጣም።

«የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች» አሉ፤ ሰዓት እንደሚናገር ሰው። በር እንኳ አላላተሙም። በር ቢያላትሙ ኖሮ ይቀለው ነበር።

ሹፌሩ ሽርጡን እንዳገለደመ ወጣ። ልብስ ሰፊው ደጃፍ ሄዶ ዘር ለመነ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየጎተተ መሬት መሬት አየ። «ጋሼ፣ በላሁት ስል ያፈርኩት ዛሬ ነው» አለው። ሌላ አምስት ቤት አንኳኳ፤ መልሱ አንድ ነው። የበቀለውን በሽታው ወስዶታል፤ ዘር ያስቀመጠ ደግሞ የለም። ለምን ያስቀምጣሉ? እትዬ ይቆይ አሉ አይደል? መንደሩ ሙሉ በአንዲት ሴት መሳቢያ ተማምኖ ነው የኖረው። ከመንደርተኛው ሁሉ የበለጠ የተማመነው ደግሞ አሁን በየበሩ የሚያንኳኳው ሰውዬ ነው። ምን ነበር አፉን ከፍቶ ቢጠይቃቸው? «ይቺን ልቁረጥ?» ሁለት ቃል ነው። «ምን ትወጃለሽ?» እሱም ሁለት ቃል ነው።

ሲመሽ ባዶ እጁን ተመለሰ። ራት አልተበላም። እትዬ ይቆይ ዕቃ እያጠቡ ነበር። መክተፊያውን አንሥተው ውሃው ውስጥ ሊነክሩት ሲሉ እጃቸው ቆመ። ወደ መብራቱ አስጠጉት።

«ይኼን አጥበኸዋል?»

«ወልውዬዋለሁ እንጂ አላጠብኩትም።»

«በየትኛው ጨርቅ?»

ጨርቁን ከሚስማሩ ላይ አወረደላቸው። ደርቆ ግትር ብሏል። እትዬ ይቆይ መነጽራቸውን አድርገው መርፌ አወጡ። የመክተፊያው እንጨት ቢላ ያረሰው ነው፤ በየስንጥቁ ውስጥ ጭማቂው ደርቆ የለጠፈው ነገር አለ። ሹፌሩ የእጅ ባትሪ ያዘላቸው። ብርሃኑ ግን እንጨቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ዘለለ።

«ቀጥ አድርገህ ያዝ እንጂ፤ ኮረኮንች ላይ ነህ እንዴ?»

ቀጥ አድርጎ ያዘ። መጀመሪያ አንዷን አወጡ፤ ቆይተው ሁለተኛዋን። ከጨርቁ ክር መካከል እየነቀሉ ሌላ አገኙ። ወገባቸው ሲደክም ቀና ይላሉ፤ መልሰው ያጎነብሳሉ። ብዙው ባዶ ልጣጭ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ በቀን መቁጠሪያው ወረቀት ላይ ዘጠኝ ፍሬ ዘር ተሰለፈ።

«አንቺ» አለ ሹፌሩ ባትሪውን ሳያነቃንቅ። «ምን መብላት ትወጃለሽ?»

ቀና ብለው አላዩትም።

«ያረረውን።»

«የምን ያረረ?»

«ድስቱ ሥር የሚይዘውን። ዱባም ይሁን ድንች፣ የታችኛውን። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ሹፌሩ አፉን ያዘ። «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትሻማኛለሃ።»

ፊታቸውን ሊያነብ ሞከረ። እውነታቸውን ነው? ወይስ ዘመኑን ሁሉ ጀርባቸውን አይቶ ዝም ማለቱን ሊያቀሉለት፣ ለእሱ ጸጸት እንኳ ደህናውን ትተው የተረፈውን መውሰዳቸው ነው? የመነጽሩ መስታወት የባትሪውን ብርሃን መልሶ ዐይናቸውን ሸፈነበት። ለምራቱ የሚነግራትን ግን አገኘ፤ ያሻሽን ሥሪ፣ ብቻ ሥሩ ትንሽ ይረር ይላታል።

እትዬ ይቆይ ወረቀቱን አጥፈው ቀዩን ክር በፖስታው ላይ ጠመጠሙ። ዘጠኙ መብቀል አለመብቀላቸው የሚታወቀው ገና ተዘርተው ነው። እርሳሱን አንሥተው ከላይ ምን ብለው እንደሚጽፉ ትንሽ አሰቡና «የሹፌሩ» ብለው ጻፉ።

እትዬ ይቆይ ሳይተኙ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏቸው አያውቅም። ያን ዕለት ከተጋደሙም በኋላ ሲገላበጡ ቆዩ። ሹፌሩ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት መመዝገብ ልማዱ ነው፤ በጨለማው ውስጥ ትንፋሻቸው እስኪረጋ ጠበቀና ሰዓቱን አየ። እትዬ ይቆይ እንቅልፍ የወሰዳቸው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ነበር።