ለሊያ ቪዛ የገባው ጃንጥላ

«ልጄን አብጠርጥሬ አውቃታለሁ» የሚል አባት ካጋጠማችሁ መንገድ እንኳ እንዳትጠይቁት። ራሱም የት እንዳለ አያውቅም። ይህን ከማንም ሰምቼ አይደለም የምላችሁ፤ ሁለት ኪሎ ሽሮ ተሸክሜ ቀበና ድረስ ወርጄ ያረጋገጥኩት ነው።

ነገሩ የጀመረው የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እራት ስንበላ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ሶስና ምግቡን ትነካካለች እንጂ አትጎርስም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምን ሆንሽ?»

«ሊያ ቪዛ ተከለከለች።»

እናንተ ብትሆኑ «ሊያ ማን ናት?» ትሉ ነበር። እኔ ግን ልጁን አብጠርጥሮ የሚያውቅ አባት አይደለሁ… የክፍሏ ልጅ ናት ብዬ ቀጠልኩ።

«የየት አገር ቪዛ?»

«የካናዳ። ስኮላርሺፕ አግኝታ እኮ ነው አባዬ።»

«ድጋሚ ታመልክት። ዓይን ዓይናቸውን እያየች ‹ተምሬ እመለሳለሁ› ትበል።»

የሶስና ፊት በራ። እኔ አውሮፕላን የማውቀው ከጣሪያችን በላይ ሲያልፍ ነው፤ ምክር ግን ፓስፖርት አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ወሬ ሊያ ሆነች። እውነቴን ነው፣ አባትና ልጅ እንዲያ ተጫውተን አናውቅም ነበር። ችግሩ ፈተና ደርሶ ሶስና ደብተሯን ትታ ስለ ሊያ መብሰልሰል መጀመሯ ነው። አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ፣ ለሁለት በተሠራ ወንበር ላይ ሦስተኛ ሆኜ ተጣብቄ፣ እንጦጦን ቀና ብዬ አየሁና ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ የዚህችን ልጅ ቪዛ ብታሰጪልኝ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባለሁ።» ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይሄ ነው።

በሳምንቱ ሶስና እየዘለለች መጣች። «አባዬ፣ ሊያ ቪዛ አገኘች!»

አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ውጭ የሚሄድን ልጅ ደግሞ ባዶ እጅ መሸኘት ነውር ነው። አብራን የምትኖረው እናቴ ሽሮውን ቋጠረች። «ቤታቸው የት ነበር?» ብዬ ሶስናን ብጠይቃት፣ የፈተንኳት መስሏት ሳቀች። «ቀበና፣ ከድልድዩ ወረድ ብሎ፣ አረንጓዴ በር።»

ቀበና ስንት አረንጓዴ በር እንዳለ ታውቃላችሁ? እኔ አሁን አውቃለሁ። ሰባተኛው ላይ ውሻ ሲያባርረኝ አንዲት ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ሻሽ ያሰረች ወጣት ናት።

«እህቴ፣ ካናዳ የምትሄደው የሊያ ቤት የቱ ነው? አባቷን እንኳን ደስ አለዎት ልል ነበር።»

ልጅቷ አተኩራ አየችኝ። «ጋሼ፣ አባቷ እኮ ሁለተኛው ላይ ሞቱ።»

«ነፍስ ይማር» ብዬ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። «ሁለተኛው ፎቅ ላይ?»

«ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ።»

ገበያ ሲቀዘቅዝ የምታነባቸውን አራት መጻሕፍት ከባንኮኒው ሥር አውጥታ ደረደረችልኝ። አራቱም ላይ አንዲት ልጅ ሻንጣ ትጎትታለች። ተከታታይ ልቦለድ ነው፣ ውጭ ስለመማር፣ ለወጣቶች የተጻፈ። «ሦስተኛው ላይ ነው የተከለከለችው፤ አራተኛው ላይ ተሰጣት» አለችኝ ባለሱቋ። ከዚያ ሽሮውን አየችና ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቤት ስደርስ ጦርነት ለማወጅ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ልቦለድ ነው ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታነበው መስሎኝ ነዋ! እንድታየው ብዬ እኮ ነው ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ የምተወው።» ድምፅዋ ቀነሰ። «አብረን የምናነብ መስሎኝ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጠረጴዛውን አየሁት። ሪሞት የማስቀምጥበት የመጽሐፍ ክምር ለካ የሊያ ታሪክ ኖሯል። አፈርኩ። ሪሞቱን አነሳሁና አንደኛውን ገለጥኩ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም የሚባለውን ተረት ገጽ ሃያ ላይ ጣልኩት፤ እኔው ራሴ እንደ ሊያ ያላየሁት በረዶ ናፈቀኝ።

ስለቱስ? እናቴን አማከርኳት።

«እማዬ፣ ልጅቷ የለችም እኮ።»

«የለመንከው ምን ነበር?»

«ቪዛ።»

«ቪዛው መጣ አልመጣም?»

«መጣ… መጽሐፉ ላይ።»

«የት እንዲመጣ ለይተህ ነግረሃታል?»

አልነገርኳትም። ጃንጥላውን ገዝቼ፣ ሶስናን አስከትዬ እንጦጦ ወጣሁ። ማይክ የያዙት ሰውዬ «ስለትዎ የምንድን ነው?» አሉኝ። «የልጅ ቪዛ» አልኳቸው፤ ከዚህ ያጠረ እውነት አልነበረኝም። በማይኩ ሲናገሩት እልልታው ግቢውን ሞላው። ከእልልታው ጉልበት ግማሹ ሰው የራሱን ቪዛ በሆዱ ይዞ እንደመጣ ገባኝ። አጠገባችን የቆሙ እናት ሶስናን አገላብጠው ሳሟት። «መቼ ነው የምትሄጂው የኔ ልጅ?» ሶስና መሬት መሬት አየች።

ቁልቁል ስንወርድ ክንዴን ያዘች።

«አባዬ፣ አምስተኛው ወጥቷል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ?»

«አንድ ብቻ።»

«ሊያ ትምህርቷን ጨርሳ ቀበና ተመለሰች።»

ቆምኩ። «ምን ሆና? ጃንጥላ ያስገባሁላት ልጅ!»

«‹እመለሳለሁ› ትበል ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ትበል አልኩ እንጂ ትመለስ መች አልኩ!»