ለአባ ጥርጊያ የተለቀሰው ልቅሶ

ሚያዝያ 21 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በደረቅ ወንዝ ከተማ ዳር ካለው ሜዳ አባ ጥርጊያ ቆመ። ሰዓቱ በትክክል የሚታወቀው ነጂው ኑርዬ አህመድ በሥራ መዝገቡ ላይ ስላሰፈረው ነው። «የተሠራ ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ ግን ምንም አልጻፈም።

አባ ጥርጊያ ዶዘር ነው። ወደ ከተማዋ የሚገባውን መንገድ የቀደደው እሱ ስለሆነ፣ የመንገድ ካምፑ ሠራተኞች እንደ ጀግና ፈረስ ስም አወጡለት። ሲመጣም አሮጌ ነበር። ቢጫ ቀለሙ በየቦታው ተልጧል፤ መቀመጫው ላይ የበግ ቆዳ ተነጥፎበታል። ኑርዬ አሥራ አራት ዓመት ነድቶታል። ሚስቱ «ጣውንቴ» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ያን ዕለት ገና ጎህ ሳይቀድ መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች ኑርዬን ከቤቱ ወሰዱት። አስቸኳይ ሥራ ነው፣ የመጋዘን መሠረት ነው ተባለ። ለምን በዚህ ሰዓት ብሎ የጠየቀ የለም። በዚያ ዓመት ሰው መጠየቅ ትቶ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ኑርዬ በእግሩ መጥቶ ከአልጣሽ ደጃፍ ቆመ። አልጣሽ ሹራብ እየሠራች ለገበያ የምታወጣ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነች። ምንተስኖት የሚባል አንድ ልጅ ነበራት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ከሦስት ሳምንት በፊት «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። በየቀኑ ምሳ ቋጥራ እስር ቤቱ ድረስ ታደርስለት ነበር።

«አልጣሽ፣ አባ ጥርጊያ ቆመ» አላት ኑርዬ።

«የት?»

«ከሜዳው ላይ። እዚያው አቁሜው መጣሁ። ወላሂ፣ ከእንግዲህ ማንም አያንቀሳቅሰውም።»

አልጣሽ የያዘችውን ክር ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ቢጫ ነው?»

«ቢጫ ነው።»

በአጥሩ ማዶ የሰማች ጎረቤት ሁለቱም ያበዱ መሰላት። የዶዘሩን ቀለም የማያውቅ ሰው ደረቅ ወንዝ ውስጥ አልነበረም።

አልጣሽ ያን ቀን ምሳ አልቋጠረችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ሜዳው ሄደችና፣ ገና ትኩስ በሆነው ሞተር አጠገብ ቆማ ደረቷን ትመታ ጀመር።

በዚያ ወቅት ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ክልክል ነበር። አንድ የቀበሌ ዘብ እየሮጠ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ! ለማን ነው የምታለቅሺው?»

«ለዶዘሩ ነው፣ ጌታዬ።»

«ለምን?»

«ለዶዘሩ። የሕዝብ ንብረት አይደል? ደህና ወጥቶ ቀረ አሉኝ፤ አንጀቴ አልችል አለ።»

ዘቡ ዶዘሩንም እሷንም አየ። ለዶዘር አይለቀስም የሚል መመሪያ አልተሰጠውም። እሷም ቀጠለች፦

ቢጫ እንደለበሰ ወጥቶ በማለዳ፣
አንድ ቃል ሳይነግረኝ ተኛ ከዚህ ሜዳ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሌሎች ሴቶችም መጡ፤ ሁሉም ለዶዘሩ። አንዷ «የመንገዳችን አባት» አለች፤ አንዷ «ገና ብዙ ትሠራልኝ ነበር» አለች። አንዷ ደግሞ ስም ልትጠራ አፏን ስትከፍት አልጣሽ ክንዷን ጨምቃ ያዘቻት፤ ሴትዮዋም «አባ ጥርጊያ!» ብላ ጮኸች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ክንዴ ነገሩን ሰምቶ መጣ። ግራ ገባው፤ ቆየት ብሎ ግን ደስ አለው። በሳምንቱ ለአልጣሽ «ለሕዝብ ንብረት ላሳየችው ጥልቅ ፍቅር» የሚል የምስጋና ወረቀት በስብሰባ ላይ ሰጣት። አልጣሽ በአውራ ጣቷ ፈርማ ወሰደችው።

ዓመት በመጣ ቁጥር ሚያዝያ 21 ቀን ሴቶቹ ሜዳው ላይ ተሰብስበው ያለቅሳሉ፤ ወረቀቱ ስላለ የሚከለክላቸው አልነበረም። ዶዘሩ ዛገ። ሰንሰለቱ መካከል ሣር በቀለ። ከብረቱ ዙሪያ የሚያርስ፣ አጥር የሚያጥር ጠፋ። ኑርዬ ሌላ መኪና አልነዳም፤ የካምፑ ጥበቃ ሆኖ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ መቀመጥ ሥራው ሆነ። አልጣሽም ሹራብ መሥራቷን አልተወችም፤ ቢጫ ክር ግን ከዚያ ወዲህ አልገዛችም።

አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በ1980 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የቆሙ መኪናዎች ሁሉ ወይ ይጠገኑ ወይ ተቆርጠው ለማቅለጫ ይላኩ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ሰይፈ የሚባል መካኒክ ከኮምቦልቻ መጣ። ጓድ ክንዴ የምስጋናውን ወረቀት ግልባጭ ከፋይል አውጥቶ እያውለበለበ አልጣሽን ወደ ሜዳው አስጠራት።

«እትዬ አልጣሽ፣ ደስ ይበልዎ! በሽተኛዎ ሐኪም መጣለት።»

«ይድናል ይላሉ?»

«ከዳነ መንገድ ይሠራል። ካልዳነ ተቆርጦ ማረሻ ይወጣዋል። የትኛውም ቢሆን ከዚህ ይነሳል። እኛም በቦታው መጋዘን እንገነባለን፤ መሠረቱ ጠለቅ ተደርጎ ይቆፈራል።»

አልጣሽ የዶዘሩን ሰንሰለት ያዘች። ኑርዬ ከጥበቃ ወንበሩ ተነስቶ መጣ።

ሰይፈ ጋቢውን አውልቆ በደረቱ ከዶዘሩ ስር ገባ። ብዙ ቆየ። የሞተሩ ዘይት የሚፈስበት ቀዳዳ ክፍቱን ነው፤ ብሎኑ የለም። በራሱ አልወደቀም፤ የቀዳዳው ጥርሶች ደህና ናቸው። አንድ ሰው ሞተሩ እየሠራ ብሎኑን ፈትቶ፣ ዘይቱ እስኪያልቅና ብረት ከብረት እስኪጣበቅ ድረስ ጠብቋል። ይህ ደግሞ ሰው የሚያስገድል ወንጀል ነው። ብቅ ብሎ ነገሩን የሚያውቅ ሰው በዓይኑ ፈለገ።

«ያን ቀን ማን ነበር የነዳው?»

«እኔ» አለ ኑርዬ።

«ዘይቱ የት ሄደ፣ ጋሼ?»

«አፈር ጠጣው።»

«ብዙ ጠጣ?»

«ይህ አፈር ያን ዕለት የጠጣው ዘይት ብቻ እንዳይመስልህ።»

ጓድ ክንዴ ሰዓቱን አየ። «ምን ትፈላሰፋላችሁ? ይጠገናል ወይስ አይጠገንም?»

ሰይፈ ወደ ታች አየ። የዶዘሩ አካፋ ከኋላው የደለደለው መሬት ጠንካራ ነው። ከሆዱ ስር ያለው አፈር ግን እዚህም እዚያም ሰርጓል፤ እንደ ተኛ ሰው ቁመት፣ ቁመት እየሆነ። ያኔ አልጣሽ ያለ ቀኗ፣ በጥቅምት፣ ድምፅዋን አወጣች፦

ብረቱን ካነሳህ፣ ጠጋኙ ወንድሜ፣
የት ሄጄ ላልቅሰው የቀረኝን ዕድሜ።

«ይኸው ጀመረች!» አለ ጓድ ክንዴ እየሳቀ። «ሰው እንኳ እንዲህ አልተለቀሰለትም።»

«እውነትዎን ነው» አለች አልጣሽ። «አልተለቀሰለትም።»

ሰይፈ ኮፍያውን አወለቀ፤ ላቡን የሚጠርግ መሰለ። ኮፍያውን ግን መልሶ አላደረገም። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ጭቃ አነሳና የብሎኑን ቀዳዳ ደፈነው። እጁን በሣር ጠርጎ ጓድ ክንዴ የያዘውን ቅጽ ተቀበለ፤ እየጻፈም ጮክ ብሎ አነበበ።

«ሞተሩ በእርጅና ተጣብቋል፤ አይጠገንም። መሬቱ ልል ስለሆነ ለመቁረጥም ለማንሳትም ያሰጋል። መጋዘን አይችልም። ባለበት ይቆይ።»

«እስከ መቼ?»

«የሚያነሳው እስኪመጣ።»

«ማን ነው ደግሞ የሚያነሳው?»

«ባለቤቱ።»

«ባለቤቱማ ሕዝብ ነው» አለ ጓድ ክንዴ።

«እሱን ማለቴ ነው» አለ ሰይፈ።

ጓድ ክንዴ ማኅተም አደረገበት። መጋዘኑ በከተማው ሌላ ጫፍ ተሠራ። ሰይፈ ወደ ኮምቦልቻ ከመመለሱ በፊት ከአልጣሽ ቤት ገብቶ ለራሱ ሹራብ ገዛ፤ ስለ ዶዘሩ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ስትሸኘው ግን «ወንድም አለህ?» አለችው። «ነበረኝ» አላት።

አባ ጥርጊያ ባለበት ቆየ።

ዘመኑ ተለውጦ ልቅሶ ሲፈቀድ፣ በ1984 ዓ.ም. ሰኔ 9 ቀን፣ ክሬን መጥቶ አነሳው። ካህኑም ሼሁም ቆመው ነበር። ኑርዬ አሥራ አራት ዓመት ኪሱ ውስጥ ያቆየውን ብሎን አውጥቶ መቀመጫው ላይ አስቀመጠው። ከዶዘሩ ስር አሥራ ሰባት ሰው ተቆጠረ። ምንተስኖትን ለመለየት ጊዜ አልፈጀም፤ የለበሰው ቢጫ ሹራብ ነበር፤ አልጣሽ ቢጫው ክር አልቆባት የግራ እጅጌውን በአረንጓዴ የጨረሰችለት።